ስለተዘጋው የበዓል ቀን ትምህርታችን

ለተከበሩ የወረዳችን የጎልማሶች ትምህርት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ወንበርም ጭምር እንደምን ከርማችኋል? ከገሳይ ከተማ በላይ ያለን ገበሬዎች እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ፈንታነሽ እባላለሁ። ቃሉ የእኔ ሲሆን የምትጽፍልኝ አስተማሪያችን የነበረችው ሕይወት ናት፤ በራሴ እጅ እንዳልጽፈው የእርስዎ ውሳኔ ቀደመኝ።

እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥራ፣ ዘመቻው ሲያልቅ የሚያስነብባት ጠፍቶ፣ የተማረችውን ረስታ ሞተች። እኔ ግን እንደ እርሷ እንደማልቀር እርስዎ ራስዎ በቤተ ክርስቲያናችን ዓውደ ምሕረት ቆመው ቃል ስለገቡልን አመንኩ። ስላመንኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልጄ ሚሚ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ፊት በስልክ መነጋገር ስለማትችል መልእክት በጽሑፍ ትልክልኛለች፤ የሚያነብልኝ ባለሱቅ መሆኑን ስለምታውቅ ግን «ደህና ነኝ» ከማለት አታልፍም። ስለዚህ በቅርቡ ራሴ አነባለሁ፣ ያን ጊዜ የሆድሽን ሁሉ ጻፊልኝ ብዬ አስጻፍኩላት።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩. የምንማረው በሚካኤል፣ በማርያምና በባለወልድ ቀን ነበር። በእነዚህ ቀኖች በሬ አይጠመድም፣ እህል አይፈጭም፤ ከቅዳሴ በኋላ ፊደል መቁጠር ግን ሥራ አይባልም ብለው ቄሱ ስለፈቀዱልን ክፍሉ ሞልቶ የተረፈው ሰው ደጅ ይቆም ነበር። እርስዎ በዓል የእረፍት ቀን መሆኑን አስበው፣ ለድካማችን አዝነው፣ ትምህርቱን ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት አደረጉልን፤ ያውም በሰኔ፣ ሁሉም ሰው ዘር ላይ ባለበት ወር።

፪. ማንም እንዳልመጣ አይተው «ኅብረተሰቡ የመማር ፍላጎት የለውም» ሲሉ ወሰኑ። ምክንያቱን ሊጠይቁን ቢመጡ ኖሮ የምንገኘው ማሳ ላይ ስለሆነ ጫማዎን ጭቃ ይነካው ነበር። እንኳን አልመጡ።

፫. ክፍሉ ባዶውን እንዳይቀር ማዳበሪያ አስቀመጡበት። ሰሌዳችን ከጆንያው ጀርባ ነው፤ ሕይወትም ገሳይ ሻይ ቤት ውስጥ ታስተናግዳለች።

፬. ወደፊት ደግሞ ትምህርቱ በስልክ እንደሚመጣልን በስብሰባ አብሥረውናል። የስልክ ጽሑፍ ማንበብ ለማንችል ሰዎች የንባብ ትምህርት በስልክ ጽሑፍ መላክ ከተራ ሰው ጭንቅላት የሚፈልቅ ሐሳብ አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናውን እዚህ ላይ ልግታውና፣ እርስዎ ከድተውኛል። እርስዎን አምኜ ልጄን አሳመንኳት።

ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ፣ የሚያነብ ሰውም እንዳይበዛብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በፊርማዬ ፋንታ አውራ ጣቴን በታላቅ አክብሮት አትሜያለሁ።

ፈንታነሽ ሙላቴ

ሳልረሳው፦ ሚሚ ማንበብ የቻልኩ መስሏት ባለፈው ቅዳሜ ረጅም መልእክት ላከችልኝ። ሕይወት ላንብብልዎት ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ ልጄ የጻፈችው እኔ ብቻ የማየው መስሏት ነውና። ከላይ «እማዬ» የሚለውን ራሴ ለይቼዋለሁ። ከዚያ በታች ያለውን፣ የመማር ፍላጎት የላትም ያሏት እናት እስካሁን ዝም ብላ እያየችው ነው።