ለየወቅቱ አንድ ደሴት

ሚያዝያ 23፣ ጧት 3 ሰዓት

ሰማያዊው ቀለም አለቀ። የፎቶ ቤቴ አዲስ መጋረጃ ላይ ባሕሩ ግማሽ ላይ ቆሟል። ባንቻምላክ በሩ ላይ ቆማ አየችና ይኸ ውሃ የትም አያደርስ አለች። ሚስቴ ናት፣ ትችላለች።

ትናንት አንዲት ሙሽራ መጣች። አሮጌውን መጋረጃ አይታ ፊቷን አዞረች። ያው ዘንባባ፣ ያው ጀልባ፤ የእኅቷ ሠርግ ላይ አለ፣ የእሷም ክርስትና ላይ አለ። ቡሬ ሄዳ ልትነሳ ነው። ቡሬ ያለው ፎቶ ቤት የታተመ ፏፏቴ ከአ/አበባ አስመጥቷል። ጢስ ዓባይ እዚሁ እያለልን የማን አገር እንደሆነ የማይታወቅ ፏፏቴ።

ግን ልጅቷ አልተሳሳተችም። በአሥራ ስምንት ዓመት የፍ/ሰላም ሰው ሁሉ አንድ ደሴት ላይ ቆሞልኛል። ሙሽራው፣ ወታደሩ፣ ሟቹ፣ ካድሬው፣ ሁሉም እዚያች ዘንባባ ሥር።

ወሰንሁ። አራት መጋረጃ እሥላለሁ። ለየወቅቱ አንድ ደሴት። አየህ፣ አንተን የገዛሁህ የቀጠሮ ደብተር ብዬ ነበር። ቀጠሮ ስለሌለ ወሬ ትሰማለህ።

ሚያዝያ 25፣ ከሰዓት

መ/ር ይበልጣል መጣ። ጎረቤቴ ነው፣ ጂኦግራፊ ያስተምራል። አትላሱን በብብቱ ይዞ። ጉዳዩን እንደ ፈተና ነው የያዘው። ለበጋ ማልዲቭስ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ይላል። ለጸደይ ሲሸልስ፣ በሚያዝያና በግንቦት ነፋሱ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል ባሕሩ ይተኛል። ለክረምት ዛንዚባር፣ እኛ በጭቃ ስንዳክር እዚያ ደረቅ ነው። ለመጸው ሞሪሺየስ። አሰመረበት፣ ፈረመበት ማለት ይቀላል።

ሸራ ላይ ቢዘንብ ባይዘንብ ምን ቸገረን አልሁት። ተቆጣ። ሰው በሐምሌ ቆሞ የሚነሳ ከሆነ በሐምሌ የሚኬድበት ቦታ ላይ ይቁም፣ ቢያንስ ውሸቱ ትክክል ይሁን አለ። ይበልጣል ራሱ ባሕር አይቶ አያውቅም። ጣናንም ከዳር ቆሞ ነው ያየው።

ምስሎቹን ከአንድ አሮጌ የውጭ አገር ቀን መቁጠሪያ አገኘሁ። ደስ ብሎኛል። ዛሬ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ሚያዝያ 30፣ ማታ 12 ሰዓት

ባ/ዳር ደርሼ ተመለስሁ። ቀለም ልገዛ ነው ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት። ቀለምም ገዝቻለሁ።

የዓይን ሐኪም ጋ ገባሁ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። የዓይን ግፊት አለብህ አለኝ። እይታን ከዳር ጀምሮ ይበላል። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን የዓይን ጠብታ ያቆየው ይሆናል። ይሆናል አለ እንጂ ያቆየዋል አላለም። ሥራዬን ጠየቀኝ። ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ጠብታውን ጨለማ ክፍል ውስጥ ከኬሚካሉ ጀርባ ደብቄዋለሁ። ባንቺ እዚያ አትገባም። ለአንተ ብቻ ነው የነገርሁህ። ምንም ማድረግ አይቻልም። ምንም።

ግንቦት 9፣ ማታ

ሲሸልስ አለቀች! ትልልቅ ግራጫ ድንጋዮች፣ አንዲት ዘንባባ፣ ውሃው እንደ ተልባ አበባ። ጠዋት ሰቀልኋት።

የመጀመሪያዎቹ ተነሺዎች ከቋሪት የመጡ ናቸው። ሞላ የሚባል ገበሬ፣ ሚስቱ ከነጨቅላዋ፣ እናቱ እማሆይ ጥሩዓለም። እማሆይን ለሕክምና አምጥተዋቸው ነው። ቆብ ደፍተዋል፣ ቀጫጫ ናቸው፣ በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። መጋረጃውን ሲያዩ ቀጥ አሉ። አማተቡ። ታቦቱ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ።

ለእሳቸው ደሴት ማለት ጣና ነው፣ ጣና ማለት ገዳም። ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መብራት እያስተካከልሁ ነበር፣ ቀልድም አማረኝ። የማርያም ናት እማሆይ አልሁ። ሄደው የሸራውን ጫፍ ተሳለሙ። ሞላ መሬት መሬት አየ።

ከዳር በርጩማ ላይ አስቀመጥኋቸው። ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ፊልሙ ባለቀለም ነውና እዚህ አይታጠብም፤ በአውቶቡስ ባ/ዳር ሄዷል፣ በአሥር ቀን ታጥቦ ይመለሳል።

ግንቦት 19፣ 9 ሰዓት

ፎቶዎቹ መጡ።

እማሆይ የሉም።

ሦስቱም ላይ የሉም። ግማሽ ጉልበትና አንድ እጅ ብቻ፣ መቁጠሪያ የያዘ እጅ። ሞላ አለ፣ ሚስቱ አለች፣ ጨቅላዋ እያዛጋች አለች። በሌላው ወገን ዘንባባዬ ከሥሯ እስከ ቅጠሏ ሙሉ ናት። የሣልሁት ሁሉ ገብቷል። ደሴቷን እያየሁ ነው ያነሳሁት። ከዳር ያሉት አልታዩኝም፣ እንዳልታዩኝም አላወቅሁም። ክፉው እሱ ነው። ጨለማ ቢሆን አውቀው ነበር። ጨለማ አይደለም፣ ዝም ብሎ የለም።

አፍሬያለሁ። ያላገባኋቸው ሳያንስ ቀልጄባቸዋለሁ።

ነገ ግንቦት 20 ነው። ቀበሌው ሰልፉን እንዳነሳ ጠይቆኛል። ሰልፍ ደግሞ ሁለመናው ዳር ነው። አሞኛል ብዬ ላክሁ።

ግንቦት 23

ሞላ ገበያ መጥቶ ጎራ አለ። ፎቶውን ሰጠሁት። እንዲጮህብኝ ጠብቄ ነበር። ቆሞ አየው፣ ወደ ደጅ ወጥቶ በብርሃን አየው፣ ተመልሶ ገባ። እናቱ ከዚያ ወዲህ ከመደብ አልወረዱም። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ብለዋል። እንደገና ተሸክሞ ማምጣት የማይሆን ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው አልሁት፣ ሂሳቡን አልቀበልም አልሁ። እሱ ግን ፎቶውን በነጠላው ጫፍ ጠቅልሎ ቋጠረው።

«እጇ እኮ አለ ጋሸ አዱኛ። እጇም እጇ ነው።»

እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 29

አልሠራሁም።

ሰኔ 3፣ ጧት 4 ሰዓት

ዝናቡ ገባ። ዛንዚባርን ጀምሬያለሁ፣ ክረምት ነውና። ውሃ አለ፣ ባዶ ቢጫ መሬት አለ፣ ሌላ የለም። ዛፍ ልተክል ስል እጄ ይቆማል። ጠብታው ያቃጥላል። የአንተም መስመር ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይጠፋኛል፣ አንዳንዴ ጠረጴዛው ላይ ጽፌ እገኛለሁ።

ይበልጣል አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ሞሪሺየስን ለመስከረም አድርስ ይላል። ምን ብዬ ልንገረው። አራት ወቅት ቆጥሮ የሰጠኝ ሰው ነው፣ እኔ የቱ ላይ እንደምቆም አላውቅም።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ባንቺ ጠብታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። እንዴት አገኘሽው አልሁ። ጨለማ ክፍል የምትገባው ከየካቲት ጀምሮ ነው። የምደፋውን ኬሚካል ስትጠርግ ኖራለች፣ እኔ አልደፋም መስሎኝ። ማዕድ ላይ ውሃ መቅጃውን ከጎኔ አንስታ ፊት ለፊቴ የምታደርገውም ለዚህ ነበር። በሩ ሥር ሲያደናቅፈኝ የነበረው አግዳሚ የት እንደሄደ አሁን ገባኝ።

ለምን አልነገርሽኝም አልሁ። አንተስ አለች። ከዚያ አለቀስሁ፣ እሷም አለቀሰች። ሽሮው አረረ።

የእማሆይን ነገር ሁሉንም ነገርኋት፣ ቀልዱን ጭምር። ቀልዱ ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ቋሪት እንሂድ አለች። ምን ይዤ፣ በምን ዓይኔ አልሁ። በኔ አለች።

ሰኔ 11፣ ከገበዝ ማርያም፣ 10 ሰዓት

ከእማሆይ ቤት ተመልሰን መኪና እየጠበቅን ጉልበቴ ላይ አድርጌህ ነው የምጽፈው። ጧት በአይሱዙ እስከ ቋሪት ገበዝ ማርያም፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር በጭቃ። ባንቺ ከፊት ካሜራውን በጀርባዋ አዝላ፣ እኔ ከኋላ ጥቅል ሸራ ተሸክሜ የእሷን ነጠላ እያየሁ። ነጠላዋ እስከሚታየኝ ድረስ አልወደቅሁም። አንዴ ታጥፋ ነጠላው ሲጠፋኝ ወደቅሁ።

ሲሸልስን ልወስድ ነበር፣ ያለቀችው እሷ ናትና። ይበልጣል ከለከለ። በሰኔ ሲሸልስ ነፋስ ነው፣ ዛንዚባርን ውሰድ አለ። ሁሉን ነግሬው እንኳ እሱ ያሳሰበው ይኸ ነው። ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን ያልጨረስኋትን ይዤ ወጣሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እማሆይ መደቡ ላይ ናቸው። በጣም ቀጥነዋል። ሞላና እኔ መጋረጃውን ከበስተኋላቸው በሁለት ወገን ይዘን ቆምን። ባንቺ ካሜራውን ዓይኗ ላይ አደረገች። በትዳራችን ነክታው አታውቅም። ትናንት ሙሉ ቀን ያለ ፊልም ባዶውን አለማምጃታለሁ። ወደ ግራ ሂድ፣ ፎቶው ውስጥ ገብተሃል ብላ አዘዘችኝ። ሄድሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ያች ደሴት ቤተ ክርስቲያን የላትም፣ ቀልዴ ነው፣ ማሩኝ ልል። አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። ልጅ እግር ሆነው ከባላቸው ጋር ወደ ጣና በእግራቸው ወርደው ነበር። ባል በታንኳ ተሻገረ። የወንዶች ገዳም ነውና እሳቸው ዳር ላይ ቀሩ። ሦስት ቀን የውሃው ዳር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ደወሉን ይሰሙ ነበር፣ ሌላ ምንም። ይኸን ሲናገሩ ድምፃቸው ጥላቻ የለውም።

አንገታቸውን በጭንቅ ወደ ሸራው አዙረው አዩት።

«ያች የማርያም ናት ያልኸኝ ደሴት፣ ሴት ይገባባታል?»

ሞላ አየኝ። ባንቺ ካሜራውን ዝቅ አደረገች።

ይገባባታል እማሆይ፣ አልሁ። በክረምትም? በክረምትም። በበጋም፣ በጸደይም፣ ሁልጊዜም ይገባባታል።

እሰይ አሉ። ካሜራው ጠቅ ሲል ሰማሁ። እኔ ወደ ባንቺ ዞሬ ነበርና ከቆምሁበት እሳቸው አይታዩኝም ነበር።

ሰኔ 14፣ ጧት

ፊልሙ ባ/ዳር ሄደ። አሥር ቀን። እማሆይ ይቆዩ ይሆን አላውቅም። የኔም ዓይን እንደዚያው። ባንቺን እማሆይ ፎቶው ውስጥ ሙሉ ናቸው ወይ ብዬ አራት ጊዜ ጠየቅኋት። ከነቆባቸው፣ ከነመቁጠሪያቸው አለች። አምናታለሁ። ከማመን ሌላ ምን አለኝ።

ዋሸሁ ወይስ አልዋሸሁም? ዛንዚባር ሴት እንደሚገባ እርግጥ ነው፣ ይበልጣል ምሎልኛል። የማርያም መሆኗ ነው ውሸቱ።

ወስኛለሁ። ካሜራው ከዛሬ ጀምሮ የባንቻምላክ ነው፣ በሩ ላይ ስሟን እጽፋለሁ። ማልዲቭስና ሞሪሺየስ ይቅሩ። አንዷን ደሴት፣ ዛንዚባርን፣ ግን እጨርሳለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅላ ትውላለች። ከባዶው መሬት ላይ ቤተ ክርስቲያን እሥላለሁ። ክብ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ በሩ ክፍት። ይበልጣል እዚያ እንዲህ ያለ የለም ብሎ ይጮሃል። ይጩህ፣ ውሸቱ ትክክል ይሁን ያለው እሱ ነው። ልክ መሀሉ ላይ ነው የምሥለው። መሀል ገና ይታየኛል። ውሃው ዳር ላይ ግን ማንም እንዳይቀመጥ፣ ዳሩን ባንቺ ትቀባዋለች፣ እኔ እዚያ ጋ አይታየኝም፣ ይኸው የአንተም ጠርዝ ላይ ደርሼ መስመሩ