ሐይቁን ያቋረጠው መስመር

ረቡዕ፣ መጋቢት 5 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድህ ግትሩ ባሌ፣

እንደምን አለህ? የእማማ ወገብስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ የቢሮ ወንበሬ ብቻ አንድ እግሩን ሊያጣ ምንም አልቀረውም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «አንቺ ሥራሽን አትልቀቂ፣ እኔም እናቴን ጥዬ አልመጣም፤ መሃላችን ባለችው ከተማ ቤት ተከራይተን ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኝ» ብለሃል። ሐሳቡ ደስ ብሎኝ እሺ ልልህ ብዕር አንስቼ ነበር። ከዚያ የአጋዘኖቹ ነገር መጣ።

አንገታቸው ላይ መከታተያ ካሰርንላቸው ዓመታት አልፈዋል። አሁን የባቡር ሐዲዱ ሊታጠር ስለሆነ መሐንዲሶቹ «ለእንስሳቱ መሻገሪያ የት እንተው?» ብለው ጠየቁን። እኔም የዓመታቱን ጉዞ ሁሉ ደምሬ አማካዩን አወጣሁ። መስመሩ ሲያምር! ካርታው ላይ ሳስቀምጠው ግን ከሐዲዱ አጠገብ ያለው ሐይቅ መሃል ዘው ብሎ ገባ።

አለቃዬ «ዋና ማን አስተማራቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። መንጋውን ለያይቼ ሳየው ግማሾቹ በሐይቁ ምሥራቅ፣ ግማሾቹ በምዕራብ ነው የሚሄዱት። ዓመት አልፎ ዓመት ቢመጣ መንገዳቸውን አይቀይሩም። እኔ በአማካይ ያገኘሁት ቦታ አንድም አጋዘን ያልረገጠው ነው። ሁለት መሻገሪያ ይሠራ ብለን ጻፍን፤ መሐንዲሶቹ እያጉረመረሙ ነው።

ደብዳቤህን መልሼ ሳነበው ያቺ ከተማ ሐይቁን መሰለችኝ። አንድ ቅዳሜ እማማን ያማቸዋል፣ ሌላ ቅዳሜ እኔን አለቃዬ ይጠራኛል፤ ቤቱ ባዶውን ይከርማል፣ ቁልፉ በየኪሳችን ይቀራል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ስለዚህ ቤቱን አትከራይ። አለቃዬን እናንተ ጋ ሆኜ ልሥራ ብዬ ለመንኩት፤ መረጃው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ አጋዘኖቹ የት ተቀምጬ እንደማያቸው ግድ የላቸውም። «ስብሰባ ካመለጠሽ ወዮልሽ!» ብሎ ፈቀደልኝ። በወሩ መጨረሻ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ።

እማማ ያን ቀን ተጣልተን የተባባልነውን እንዳልረሱ አውቃለሁ። እኔም አልረሳሁም። ፊት ቢነሱኝም እገባለሁ፤ ቁጣቸው እንኳ ናፍቆኛል። አንተንማ ተወው።

መሃሉን የመረጥከው እንዳልመጣብህ ብለህ ከሆነ ግን አሁኑኑ ጻፍልኝ፤ አልቀየምህም አልልህም። ዝም ካልክ ትኬቴን እቆርጣለሁ።

እማማን ይማርልኝ፤ አንተንም ክፉ አይንካብኝ።

እስካሁን ሚስትህ