መርዶ ነጋሪው ምትኩ አበጀ

ሃምሳ አለቃ ምትኩ አበጀ ከአባታቸው ከአቶ አበጀ ዋሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጄ በላይ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በወገራ አውራጃ ከቤተ እስራኤል ቤተሰብ ተወለዱ። ቀኑን የጻፈው የለም፤ የአጨዳ ሰሞን እንደነበር ብቻ ይነገራል። ከእርሳቸው በፊት የተወለደው ሕፃን በኩፍኝ ስላለፈ እናታቸው ምትኩ አለቻቸው።

ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ዝናሽ ነኝ። በሕይወት ሳሉ አንተ እያልኩ፣ ስናደድም ግትር እያልኩ ነው የኖርኩት። ወጉ ነውና ዛሬ አንቱ ብያለሁ። እናታችንን ግን አንቱ ማለት አልሆነልኝም።

አባታችን አዲስ አበባ ላይ የእስራኤል ጉዞ ስንጠብቅ ታመው ዐረፉ። ምትኩ በስምንት ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ከእናታችን ጉልበት ሥር ተቀምጠው ወደ እስራኤል ገቡ። ቂርያት ጋት ከተማ ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህርቷ ኤላድ የሚል የዕብራይስጥ ስም ሰጠቻቸው፤ ሦስቴ ካልተጠሩ ግን አቤት አይሉም ነበር። ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ የውትድርና ግዳጃቸውን ፈጽመው፣ እስከ መጨረሻው የአሳንሰር ጠጋኝ ሆነው ሠሩ። ሥራህ ምንድን ነው ሲባሉ “ሰው ከፍ ዝቅ ማድረግ” ይሉ ነበር። ወይዘሮ ብርቱካን ፈንቴን አግብተው ሺራንና ተሒላን ወልደዋል።

በውትድርናቸው ዘመን አብሮ አደጋቸው ተሠዋ። መርዶ ይዘው የመጡት መኮንኖች የእናቱን በር አንኳኩተው በዕብራይስጥ ተናገሩ፤ እናትየው ቋንቋውን አታውቅም። የወንድሟን ሞት ለእናቷ የተረጎመችው የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ምትኩ ለቅሶውን ደርሰው ሲመለሱ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም።

ከዚያ በኋላ ሚሉኢም በምንለው የተጠባባቂ አገልግሎት ራሳቸው ጠይቀው ከመርዶ ነጋሪ መኮንኖች ጋር ይሄዱ ጀመር። ዐሥራ አንድ ቤት አርድተዋል። መኮንኖቹን እንዲህ እያሉ ያስተምሩ ነበር፦ “እናት ብቻዋን አትረዳም። ሽማግሌና ቄስ ይቅደሙ፣ ጎሕ ሲቀድ ይሁን። ስሙን ሳትጠሩ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይያዟት።” ለእኔም አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ ሳለሁ ድንገት “ዝናሽ፣ የኔ ከሆነ እማዬን አንቺ ያዣት። እንዳትጮሂ። አንቺ ከጮህሽ አንጀቷ ይበጠሳል” አሉኝ።

“ሟርተኛ! አፍህን ዝጋ!” አልኳቸው።

“እሺ በይኝና እዘጋለሁ።”

እሺ አልኩ።

በዚህኛው ጦርነት የቀድሞ ሻለቃ ጦራቸው ሲጠራ፣ መርዶ ነጋሪነቱ ይበቃሃል ቢባሉም ከጓደኞቼ አልቀርም ብለው ሄዱ። በሰሜኑ ድንበር በቆሙበት ረቡዕ ከቀትር በኋላ ምሽጋቸው ላይ ሮኬት ወድቆ በአርባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ብርቱካን ሲነገራት ነጠላዋን ነክሳ “ለእናቱ እሱ እንዳስተማራችሁ አድርጉ” አለች። ሐሙስ ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ቄስ ይስሐቅን አስቀድመው አንድ አንድ እያሉ ገቡ። እኔ በእናታችን ቀኝ ተቀመጥኩ።

“ምን እግር ጣላችሁ በማለዳ?” አለች።

“እንዲያው ልንጠይቅሽ ነው” አሏት።

መርዶ መሆኑ ገባት። እዚያ አገር ቤት የቀረው ወንድሟ ታሞ እንደነበር ሰምታለች። “አያሌው ነው፣ አይደል?” ብላ ማልቀስ ጀመረች።  ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ቀና አለች።

“ቆይ፣ እናንተ አትንገሩኝ። ለምትኩ ደውሉለት፣ እሱ መጥቶ ይንገረኝ። እሱ ያውቅበታል።”

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።  እናታችን ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ቁጥሩን ፈልጊልኝ ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ያኔ ጮኽኩ። የተማርነው ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ጎሑ፣ በአንድ ጩኸቴ ከንቱ ሆነ።

ሃምሳ አለቃ ምትኩ አበጀ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው አልፈዋል። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን በአባቶቻቸው እቅፍ ያሳርፍልን። እነሆ ሠላሳኛ ቀንህ ነው፣ ወንድሜ። እናታችን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እጇን ይዣለሁ። እንዳትጮሂ ብለኸኝ እሺ ብዬህ ነበር፣ አልቻልኩም። ይቅር በለኝ።