«ስክሪኑ ላይ ምን ይታይሻል?» ለሚለው የድጋፍ ክፍል

ለተከበሩ የደንበኞች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ፣

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናን፣ በተለይም ለዓይንዎ ደኅንነትን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የደንበኞችን አቤቱታ በስልክ እየተቀበልኩ ከቤት በማመላልሰው ላፕቶፕ ኮምፒውተር እመዘግብ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝ የእናንተ ሶፍትዌር ስለሆነ፣ አዲሱን እትም ጫኚ ስትሉኝ አምኜ ጫንኩ። መጫኛው አሮጌውን አጠፋ፣ አዲሱን ጀምሮ መንገድ ላይ አፈረሰው፣ አሮጌውንም ሳይመልስ ቀረ። ኮምፒውተሬ ድዳ ሆነ። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. በሦስት ቀን አምስት ጊዜ ደወልኩ፤ ባለሙያዎ አምስቱንም ጊዜ «ስክሪኑ ላይ ምን ይታይሻል?» አለኝ። አላይም ስለው «እሺ፣ ግን ምን ይላል?» ብሎ ቀጠለ። ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበትን ዓይን እናንተ ተስፋ ስላልቆረጣችሁበት አመሰግናለሁ። ድጋፋችሁ ግን የአህያ ባል ሆነብኝ፤ ከጅብ አላስጣለኝም።

፪. አለቃዬ «እስኪስተካከል ቤትሽ ዕረፊ» አሉኝ፤ በአራተኛው ቀን ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ስለሰጣችሁኝ ዕረፍትም እግዜር ይስጥልኝ።

፫. ችግሩን ያገኘው ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊው ነው። መጫኛው በዊንዶውስ ላይ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት ሎግ የሚባል ፋይል እንዳለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነግራኝ ነበር። ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ፣ እኔ ቁልፎቹን እየመራሁት ያንን የባዕድ ቋንቋ ፊደል በፊደል ሲያነብልኝ ዋለ። አመሻሹ ላይ «እህቴ፣ ክሩ እዚህ ጋ ነው የተበጠሰው» አለኝ። የተበጠሰችው ድርጅታችሁ በመጫኛው ላይ ከራሱ የጨመራት አንዲት ትእዛዝ ነበረች፤ ሥራዋም የእንኳን ደህና መጡ ዜማ መቅዳት ብቻ ነው። ዜማውን የምትፈልገው ግን በፕሮግራም ሠሪያችሁ ስም ከተሰየመ፣ በእሱ የግል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ካለ ማህደር ነው! ስታጣው «ሁሉም ይፍረስ» ተባለ። ልብስ ሰፊው ይህን ስተረጉምለት «ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ኮት ይቀደዳል እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

በዚያው ስም ማህደር ከፈትን፤ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ፣ የዜማውን ስም ሰጥቶ እዚያ አስገባው። መጫኛው ያለ አንዳች ቅሬታ አለፈ። ኮምፒውተሬ ሲናገር አለቀስኩ።

ወንበሬ ግን አልተመለሰልኝም። ዛሬ መግቢያው በር ላይ ተቀምጬ ባለጉዳዮችን «ሁለተኛ ፎቅ» እያልኩ እመራለሁ። ስለዚህ ያቺን ትእዛዝ አውጡልኝ፤ ጥፋቱ የእናንተ እንጂ የእኔ አለመሆኑንም ለአለቃዬ በማኅተም ጻፉልኝ። ልመና አይደለም።

ትዕግሥትን በግድ ያስተማራችኋት፣ ንዴቷን ግን ያልነጠቃችኋት
የቀድሞዋ አቤቱታ መዝጋቢ

ማሳሰቢያ፦ የእርካታ መጠይቃችሁ ትናንት ደረሰኝ። አዲሱ እትማችሁ «ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል፤ አንዱን ይምረጡ» ብሎ አነበበልኝ። የተቆጣው ፊት የትኛው እንደሆነ ባለሙያዎ አይቶ ይምረጥልኝ፤ ምን እንደሚታየውም ደውዬ እጠይቀዋለሁ።