መተማን ያከምኩበት ኪኒን

ውድ ጋሽ ሰቦቃ፣

ፊርዶስ ነኝ፤ አቃቂ በሰቃ ውሻዎን ያከምኳት የእንስሳት ሐኪም። ዱከም ልጅዎ ጠጄ ዘንድ መግባትዎን የነገረችኝ ጎረቤትዎ ሰዓዳ ናት። «ቡችላ ብሰጣቸው ‹እኔ ነፍስ ያለው ነገር በአደራ የሚሰጠኝ ሰው አይደለሁም› ብለው መለሱልኝ» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጥቅምት ላይ ሲያመጧት አፍንጫዋና የጆሮዋ ጫፍ ቆስሎ፣ በዓይኖቿ ዙሪያ ፀጉሯ ረግፎ ነበር። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቸኩያለሁ። ስሟን ስጠይቅዎ «መተማ» አሉኝ፤ ካርዱ ላይ ጻፍኩት። ለምን እንዲያ እንደተባለች ግን አልጠየቅሁም። አለርጂ ነው ብዬ የአንድ ወር ኪኒን አዘዝኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ተሸክመዋት መጡ። ኩላሊቷ ከሥራ ውጪ ሆኖ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ እጅዎን እየላሰች ሞተች። ያኔ እንዲህ አሉኝ፦

«ዶክተር፣ የልጄ የጂራታ ሙት ዓመት ጊዜ ሁለት ቀን ኪኒኗን ረስቻለሁ። ውሻዋን በጭነት መኪናው ከመተማ ያመጣልኝ እሱ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት?»

ስሟ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። በመተማ በረሃ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር ውሻንም እንደሚይዝ ተምሬአለሁ። እኔ ግን «መድኃኒት ማቋረጥ ጥሩ አይደለም» ብዬ መለስኩልዎ። አንገትዎን ደፍተው ወጡ።

ሳላስፈቅድዎ ከሬሳዋ ናሙና ወስጄ ነበር። ውጤቱም ካላዛር ሆነ። ሰውነት በሽታ የሚዋጉ ሕዋሳት አሉት፤ ተዋጊዎቹ ከልክ እንዳያልፉ የሚያበርዷቸው ሌሎችም አሉ። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ውሻ የካላዛርን ተሕዋስ ይዞ ለዓመታት ሳይታመም መኖር ይችላል። በውሻዎ ሰውነት ግን ሚዛኑ ተዛብቶ፣ ተዋጊዎቹ ደክመው ነበር። የኔ ኪኒን ደግሞ የቀሩትን ጸጥ የሚያሰኝ ነበር። ቀድሜ ባውቅም አድናት ነበር ብዬ አልምልም። የዘለሉት ሁለት ቀን ግን አልጎዳትም፤ እንዲያውም ባትወስደው ይሻላት ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ስሜ እንዳይጠፋ ፈርቼ ጥፋቴን በልጅዎ ሐዘን ላይ ደርቤ አሸከምኩዎት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ውጤቱን ይዤ ዱከም እመጣለሁ። ጠጄ ባለችበት እናገራለሁ፤ ካላስገቡኝም ደጅ ቆሜ እናገራለሁ። ይቅር ማለት አለማለት የአንቱ ፈንታ ነው። ብቻ እስከዚያ «እኔ ነኝ» አይበሉ።

አጥፊዋ
ፊርዶስ