ካድሬው አሚን ያለ ዕለት

ለውድ ወንድሜ ለአብደላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ሹፌሩ ጣሰው «እዚያ እንቁላል አሸዋ ላይ ይበስላል» ይላል፤ እሱ ደግሞ አንዴ መዋሸት ከጀመረ ፍሬን የለውም። ወገብህስ? ያ ሳልህስ ተወህ? ምሳህን በወጉ ትበላለህ? እማዬ ይህን ሦስቴ ጠይቂልኝ ብላኝ ነበር፤ ሁለቱን በልቼብሃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። «ደህና ነን» የሚለውን ግን ለወጉ ነው የጻፍኩት፤ እስከ መጨረሻው አንብበህ አንተው ፍረድ።

በፖስታ ሌላ ደብዳቤ ይደርስሃል፤ ምናልባት ደርሶህም ይሆናል። ጽሑፉ የእኔ እጅ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም። ይህቺኛዋን ጣሰው ከቡናው ጭነት ጋር በእጁ ነው የሚያመጣልህ። አንብበህ አቃጥላት።

በኪቶ በኩል ኳስ ትጫወቱበት የነበረውን ሜዳ ታስታውሳለህ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በገመድ ሸንሽኖ «ብሩህ ተስፋ ሰፈር» ብሎ ሰየመው። ሰሌዳ ተተከለ፣ ሰው ግን አልመጣም። ከአጋሮም ከሰቃም አንድ ነፍስ የለም። የመጣችው አንዲት ላም ናት፤ እሷም ሰሌዳው ላይ ልትታከክ። ታዲያ ጓድ ከፈለ፣ ያ አምና የእነ አባባን ዱዓ «የአድኃሪዎች ስብሰባ» ብሎ የበተነው ካድሬ፣ ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ጫት በብብቱ ይዞ ቤታችን መጣ። ጫማውንም በር ላይ አወለቀ! ትንሿ ዙቤይዳችን በካልሲው ቀዳዳ እስከ ዛሬ ትስቃለች። «አባቶቼ፣ ሕዝቡ የሚሰማው እናንተን ነው። መጤ የምትቀበሉበትን የጥንቱን ወግ አውጡልን፤ ሰዉ ያን ጊዜ ይመጣል» አላቸው እነ አባባን።

ጎረቤታችንን አባ ቦራን ታውቃቸዋለህ፤ እማዬ የተዋሱትን መጥረቢያ ስትጠይቃቸው ጆሯቸው አይሰማም። «የተከበሩ የባህል ኮሚቴ ሰብሳቢ» ሲባሉ ግን ከአወቱ ወንዝ ማዶ ሆነው ሰሙ። አባባም አዲስ ኮፊያ ገዝተው በመስታወት ፊት ሳል ይለማመዱ ጀመር። ወጉን ታውቀዋለህ፤ መጤው በበርጩማ ይቀመጣል፣ ብርዝ ይጠጣል፣ ሽማግሌዎቹ «ከዛሬ ጀምሮ ልጃችን ነህ፣ አንተን የነካ እኛን ነካ» ይሉታል፤ ከዚያ ሁሉም በዳዶ ወጥቶ ቤቱን በጋራ ያቆምለታል። ብርዙ ይቅደም ምርቃቱ ይቅደም ብለው ሲከራከሩ ሰነበቱ። ማሩን የሠሩት ንቦች እንኳ እንዲህ አልደከሙበትም።

ወጉ በዱዓ በተከፈተበት ዕለት ከፈለንም መዳፉን አስዘርግተው አሚን አሰኙት። አባባ ማታ እየሳቁ ገቡና «ካድሬውን በአሚን አሰርነው!» አሉ። «አባባ፣ ጅብ በቡና ቅጠል ይታሰራል?» ብላቸው ኮፊያቸውን ወረወሩብኝ።

ሰዉ ግን መጣ፣ አብዱ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሴቶቹ ጭቃ እያቦኩ፣ ወንዶቹ ማገር እያሰሩ፣ ሜዳው ሠርግ መሰለ። ከአጋሮ ሸኩር የሚባል ልጅ ከሚስቱ ከሀዋ ጋር መጥቶ በእኛ በርጩማ ተቀመጠ፤ ብርዙንም ከአባባ እጅ ጠጣ። «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ከሆንሽ ጭቃውን አቡኪልኛ!» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። እኔም የቤቱን ጥመት እያየሁ «ቤትህ ወደ አጋሮ መመለስ ይፈልጋል» እለው ነበር።

ከዚያ ደስ የማይል ነገር ማየት ጀመርኩ። ከሰቃ የመጡ የስድስት ልጆች አባት «ቦታ ሞልቷል» ተብለው ተመለሱ፤ ስንት መስመር ባዶውን ተዘርግቶ ሳለ። ቦታ የሚሰጠው ለወጣት ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው የወንዶቹን ቁመት ለኩ፤ «ለበሩ ከፍታ ነው» አሉ። አባባ «ለሰው ግንባር የሚጨነቅ መንግሥት!» ብለው ተደነቁ። እኔ ደረታቸውንም ሲለኩ አይቼ «በር በደረት ይለካል እንዴ?» ብላቸው «ወፍራም ሰውም ይገባበታል፤ ምላስሽን ሰብስቢ» አሉኝ። ሸኩርን ብታየው እኮ እንደ ሸንበቆ ነው። ያን ቀን አልሳቅሁም።

ባለፈው ዓርብ «ቆርቆሮ ይታደላል፣ አባወራዎች ብቻ ኑ» ተባለ። ሄዱ። ካሚዮኖቹ ቆርቆሮ ሊያወርዱ ሳይሆን ሰው ሊጭኑ ነው የመጡት። ለካ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሰጠው ወጣት አልቆበት ኖሯል፤ የኛዎቹ ልጆች ሸሽተው ጫካ ገብተዋላ። አሁን ኮታው እስኪሞላ ከከተማው ውጭ ባለው ካምፕ ተዘግቶባቸዋል።

ሀዋ አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ መጥታ ባሏ የተቀመጠበትን በርጩማ ከቤት አወጣችና በራችን ላይ ተቀመጠችበት። «አባቴ፣ ልጅዎን ወሰዱት። እስኪመልሱት እዚህ ነኝ» አለቻቸው። ውሃ እንጂ እህል አልቀመሰችም። አባባ ሲገቡም ሲወጡም በእሷ አጠገብ ነው የሚያልፉት፤ ኮፊያቸውን ማድረግ ትተዋል።

እነ አባ ቦራ ተሰብስበው ከፈለ ዘንድ ሄዱ። «አሚን ብለህ አልነበረም?» ሲሉት «ልጆቻችን ናቸው አላችሁ፣ እኛም ልጆቻችን ናቸው ብለን ወሰድን፤ ጥሉ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ መለሰላቸው። አባ ቦራ ከዚያ ወዲህ በእውነትም መስማት ያቆሙ ይመስላሉ። ከፈለ አባባን ለብቻቸው አስቀርቶ «እርስዎ አሰብ ያለ ልጅ አለዎት። እሱ መጥቶ በሸኩር ቦታ ከገባ ሸኩርን አስመልስልዎታለሁ» አላቸው።

አባባ አማርኛ ስለማይጽፉ የቤቱ ጸሐፊ እኔ መሆኔን ታውቃለህ። የከፈለ ሰው አጠገባችን ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን መስመር እያየ፣ አባባ አስጻፉኝ፦ ቤት ተሠርቶልሃል፣ እናትህ ታማለች፣ ፈጥነህ ና። እማዬ አልታመመችም። ቤቱም የሸኩር ነው።

ሰውዬው ሲወጣ በአባባ ላይ ጮኽኩባቸው። አልተቆጡኝም። «የሰውን ልጅ ‹ልጄ› ብዬ አስገብቼ የወለድኩትን ልደብቅ? በምን ፊቴ አላህ ፊት ልቁም?» አሉኝ። የቀረውን ወረቀት ይዤ ወጣሁ፤ ይህቺን የጀመርኩት ያኔ ነው።

አብዱ፣ አትምጣ። አለቃህ «ወደቡ ያለ እሱ አይሆንም» እስካለልህ ድረስ ከአሰብ ንቅንቅ አትበል። ሌላ ደብዳቤ በእኔ እጅ ተጽፎ ቢደርስህም አትመነኝ። «እናትህ ሞተች» ቢሉህ እንኳ፣ አላህ ያርቀው፣ ጣሰውን ሳትጠይቅ መኪና ላይ አትሳፈር። ይህን ስጽፍልህ ሸኩር ላይ በሩን እየቆለፍኩ መሆኔን አውቃለሁ። ዐውቄ ነው የጻፍኩት።

እማዬ ዓይንህን ስማልሃለች፤ ስለዚህች ደብዳቤ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ለጣሰውም ስንቅ የቋጠረችለት እሷ ናት። ዙቤይዳ «ሲመጣ አሻንጉሊት ያምጣልኝ ብለሽ ጻፊ» ብላኝ ነበር፤ አሁን አሻንጉሊቱን ብቻ በሰው ይላክ ብያታለሁ። አባ ቦራ ሰላም ይሉሃል፤ መጥረቢያውን ሳንጠይቃቸው መለሱ። አባባ ደግሞ በየሶላቱ ስምህን ይጠራሉ፤ ምን ብለው እንደሚለምኑልህ ግን አልደፈርኩም ልጠይቅ።

ሀዋ አሁንም በራችን ላይ ናት። ስጽፍ አይታ «ለማን ነው?» አለችኝ። «አሰብ ላለው ወንድሜ» አልኳት። አንተ ከመጣህ ሸኩር እንደሚመለስ አባባ ነግረዋታል፤ ፊደል ግን ገና አልለየችም። ከዓርብ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። «አላህ በሰላም ያምጣህ ብላሃለች በይልኝ፤ አደራ» አለችኝ።

ይኸው ብያለሁ።

እህትህ ፈድሊያ
ጅማ፣ ጊንጆ
ኅዳር 11 ቀን 1978 ዓ.ም.