ለአስካለ፦ ያቺን የጫካ ወፍ አሳየኋቸው

የልጆቼ እናት፣ አስካለዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስሽን ከየት አመጣዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴና ከጥርሴ በቀር ሁሉም አለኝ። ከተለየሽኝ ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን ኅዳር ነው፤ ገብሱ እየታጨደ ነው፤ ውርጩም እንደምታውቂው ነው።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ልጅሽ አልማዝ «አባዬ፣ አንተ ንገረኝና እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የባልና የሚስት ነገር በሦስተኛ ሰው እጅ አይጻፍም። ያን ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ጎን ለጎን ተቀምጠን የቆጠርነው ፊደል አልጠፋኝም። አንቺ ቀድመሽኝ ማንበብ ስትጀምሪ ሦስት ቀን ማኩረፌም አልጠፋኝም። አንዱን ገጽ ለመሙላት ከጠዋት እስከ ቀትር ይፈጅብኛል፤ ይፍጅ፣ ምን ሥራ አለኝ።

ቤቱን አልጣልኩትም። የጓሮው አጥር በክረምቱ ወድቆ ነበር፣ አቆምኩት። ቡሬ ላማችን ወንድ ጥጃ ወልዳለች። አልማዝ ከእነሱ ጋር ደብረ ብርሃን እንድኖር ለመነችኝና ሦስት ቀን ሰንብቼ መጣሁ። በአራተኛው ቀን «ውሻዬን ማን ያበላዋል» ብዬ አሳበብኩ። ውሻውን ጎረቤት ሲያበላው እንደነበር እሷም ታውቃለች፤ ስንቄን ቋጥራ ሸኘችኝ። ያንቺ ልጅ ናት።

ትልቁን ወሬ ግን ወደኋላ አቆየሁት። አስካለ፣ ባልሽ የወፍ አስጎብኚ ሆኗል። አትሳቂ። አገሩ ሁሉ ስቆልኛል፤ «ሽፈራው ዕድሜውን ሙሉ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ ሲያባርር ኖሮ ዛሬ ወፍ ይለምናል» ይሉኛል። ይበሉ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ያ የደብራችን ጫካ እንደምታውቂው ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን ብቻውን በገብሱ መሃል እንደ ደሴት ቀርቷል። ከእሱ ቅርንጫፍ የቆረጠ የተወገዘ ስለሆነ ጽዱም ወይራውም ኮሶውም እንዳለ ነው። ውስጡ ያቺ አመድማ ወፍ አለች፤ ከጅራቷ ሥር ቀላ ያለችው፣ ማለዳ ስትዘምር አንቺ «ደብተራዬ» የምትያት። ለካ ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ለእሷ ኖሯል! ሀብታሙን ታስታውሺዋለሽ፣ የእነ ተዋበች የመጨረሻ ልጅ፤ አሁን ጎረቤላ ባለው የአስጎብኚዎች ማኅበር ገብቶ ደረቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ ይሄዳል። አምና በጥር ሁለት እንግዶች ይዞ መጣና ስለ ወፏ ጠየቀኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ደብተራዋን ነው? ኑ፣ አሳያችኋለሁ» አልኳቸው።

ገባን። ወፏ ትዘምራለች፣ ግን ጥቅጥቅ ካለው ጽድ ውስጥ ማን ይያት። እንግዶቹ በዚያ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽራቸው ቢያዩ ቢያዩ የለችም። እኔ ደግሞ የማውቀው ወፍ ገብስ ላይ ነው፤ ወፍ አሳይ ከተባልኩ ማስነሳት ነው ብዬ ወንጭፌን ከበርኖሴ ሥር አወጣሁና አንድ ድንጋይ ሰደድኩ። ድንጋዩ ጽዱን አልፎ የቤተልሔሙ ቆርቆሮ ላይ ጓ! አለ። በጫካው ያለ ፍጥረት ሁሉ ተነሥቶ ሄደ። እንግዶቹ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ሀብታሙ እንባው ሊመጣ ደርሶ «ጋሽ ሽፈራው፣ ምን አደረጉ! ይቺ ወፍ እኮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለችም!» አለኝ። እኔም «ታዲያ ሌላ አገር ከሌላት መመለሷ አይቀርም፣ ምን ያስጮህሃል» አልኩት።

ይህን ብዬ ብቀር ጥሩ ነበር። ቄሰ ገበዙ ከቤተልሔሙ በኩል እየሮጡ መጡና በእንግዳ ፊት «አንተ ሽፈራው! አስካለ ባረፈችበት ግቢ ድንጋይ ትወረውራለህ?» አሉኝ። አስካለ፣ ወንጭፌን በርኖሴ ሥር መልሼ ወሽቄ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ሽፈራው ከእንግዳ ጋር እንዳይታይ ብሎ ወሰነ። ቄሰ ገበዙም ለጸሎት ካልሆነ ወደ ጫካው እንዳልገባ አዘዙ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እኔ ግን ስምሽ ከዚያ ድንጋይ ጋር ተያይዞ እንዲቀር አልፈልግም። ሰው ከስምሽ ቀጥሎ ያንን ቆርቆሮ የሚያስታውስ ከሆነ ምን ባል ነኝ? ያቺን ወፍ በአግባቡ ሳላሳይ አልሞትም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ጸሎት ካልሆነ አትግባ አይደል ያሉት? በየማለዳው ኪዳን አደረስኩ። ከኪዳን በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር፣ ከመቃብርሽ ወዲህ፣ ባናዬን ተከናንቤ እቀመጥ ጀመር። መቀመጥን ማን ይከለክላል።

ያን ጊዜ ነገርሽ ትዝ አለኝ። የደብሩን ግቢ ጠርገሽ ስትመለሺ «አትፈልጋት፤ ቀጋው ቁጥቋጦ አጠገብ ጀርባህን ሰጥተህ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ይሄ ደግሞ ማነው ብላ ራሷ ትመጣለች» ትይኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ወፍ ሰው ትጠይቃለች እንዴ!» ብዬ አሾፍኩብሽ። አንድ ቀን እንኳ «ና እንሂድ» ብለሽ ስትለምኚኝ አብሬሽ አልተቀመጥኩም። ማማዬ ይበልጥብኝ ነበር።

እንዳልሽው ጀርባዬን ለቀጋው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ የለም። ለካ እኔ ዝም ያልኩ እየመሰለኝ አጉረመርማለሁ፣ እስላለሁ፣ ከጉልበቴ ጋር እጣላለሁ። ዝም ማለት እንደ እርሻ የሚለመድ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ከመስቀል በኋላ አንድ ማለዳ ከጀርባዬ ኮሽ አለ። አልዞርኩም። ከትከሻዬ አንድ ክንድ በማትርቅ ቅርንጫፍ ላይ መጥታ አየችኝ። ከዚያ ወንዱ መጣ፤ አንዷ ስትጀምር ሌላው እየተቀበለ ዘመሩ። እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። አስካለ፣ ልክ ነበርሽ። በትዳራችን አንድም ቀን ብዬሽ አላውቅምና አሁን ልበልሽ፤ ልክ ነበርሽ።

ባለፈው ሳምንት ሀብታሙ ከደጄ ቆመ። አንዲት ምርኩዝ የያዘች ፈረንጅ አሮጊት ይዟል። ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጎ ወፏን አጥቷታል፤ ሴትዮዋ በማግስቱ ወደ አገሯ ልትሄድ ነው። ዓይኑን መሬት መሬት እያደረገ «ጋሽ ሽፈራው፣ ወንጭፉ የት ነው?» አለኝ። «ቤት ነው» አልኩት። «ልፈትሽዎት?» «ፈትሸኝ» አልኩና ክንዴን ዘረጋሁለት። በእውነት ፈተሸኝ፣ ያ ባለጌ! ቄሰ ገበዙንም እሱው ለምኖ አስፈቀደልኝ።

ሁለቱንም ቀጋው አጠገብ ጀርባቸውን አሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። ሀብታሙ የወፏን ድምፅ ከስልኩ ሊያስጮህ ሲል እጁን ያዝኩት። በራሷ ቤት በሐሰት አትጠራም። ተቀመጥን። ፀሐይዋ ከጽዱ በላይ ወጣች። ሀብታሙ በዓይኑ «ይብቃ» ይለኛል፣ እኔ በዓይኔ «አርፈህ ተቀመጥ» እለዋለሁ።

መጣች። ከአሮጊቷ ቆብ ሁለት ክንድ ብትርቅ ነው። የቀጋ ፍሬ በጠሰች፣ አየችን፣ ዘመረች። ሴትዮዋ መነጽሯን አላነሳችም፤ እንባዋ ብቻ ወረደ። ወፏ ስትሄድ ይህን ጥበብ ከየት እንዳገኘሁት በሀብታሙ በኩል ጠየቀችኝ። አስካለ፣ ምን ልል እንደነበር ታውቂያለሽ። «ከራሴ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል። ዋጥኩትና «ሚስቴ ናት ያስተማረችኝ፣ ያቻትና» ብዬ ቦታሽን አሳየኋት። ቆቧን አውልቃ ተነሥታ ቆመችልሽ።

ነገሩ ማኅበሩ ዘንድ ደረሰና ጎረቤላ ጠሩኝ፤ መታወቂያ ሊሰጡኝ። ፎርም ሞላሁ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። ከዚያ «የሠለጠኑበት» የሚል መጣ። ሊቀ መንበሩ «ጋሼ፣ እሱን ባዶ ይተዉት» አለኝ። አልተውኩም። «ከሚስቴ ከአስካለ» ብዬ ጻፍኩ። «እሱ ለትምህርት ቤት ነው እንጂ ለሚስት አይደለም» ብሎ ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ያንኑ ጻፍኩ። ሦስተኛ ሰጠኝ። ያንኑ ጻፍኩ። «ጋሼ፣ ወረቀት አስጨረሱን እኮ! እንዲህ ከሆነ መታወቂያውን አልሰጥም» አለ። እኔም «ማን አስተማረህ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ እናንተ ናችሁ። እሷን ሰርዤ የማገኘው መታወቂያ ከሆነ ይቅርብኝ» ብዬ ምርኩዜን አነሳሁ። የእውነቴን ነበር፤ ደጁ ጋ ደርሼ ነበር። ሀብታሙ ከኋላ ሆኖ «ሊቀ መንበር፣ እኔ ሁለት ዓመት ሠልጥኜ ያላገኘኋትን ወፍ ነው ሰውየው ያሳየው፤ አስተማሪውማ ትመዝገብ እንጂ» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀና ማኅተሙን አነሣ። ስምሽ ላይ አሳረፈው።

አሁን መታወቂያው ደረቴ ላይ ነው፤ ፎርሙ ደግሞ ከእነስምሽ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ተቆልፎበታል። ነገ ጠዋት አራት እንግዶች አሉኝ። ካንቺ መማሬን ሳልናገር አንድም ሰው ወደዚያ ጫካ እንደማላስገባ ቃል ገብቼልሻለሁ። ቋንቋዬ አይገባቸውም፤ ግድ የለም። በሩ ላይ አቁሜ ስምሽን አስደግማቸዋለሁ፤ አስተካክለው እስኪጠሩት ድረስ ደብተራዋ ትጠብቃቸው።

ባልሽ ሽፈራው